በሁለት የክልል ኤርፖርቶች መካከል ቀጥታ የአገር ውስጥ በረራ ያዋጣ እንደሆነ እንዴት ይመዘናል?

ሁለት የክልል ከተሞች እያንዳንዳቸው ኤርፖርት ኖሯቸው፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ለመብረር ግን በዋና ከተማው በኩል መዞር ግድ የሚሆንበት ሁኔታ በብዙ አገሮች የተለመደ ነው። ነዋሪውም ነጋዴውም የከተማው አስተዳደርም «ለምን ቀጥታ በረራ አይጀመርም?» ብለው ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም። ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ግን ብዙውን ጊዜ ከሁለት አንዱ ነው፤ ወይ «ሕዝቡ ብዙ ስለሆነ ያዋጣል» ይባላል፣ ወይ «ትንሽ ከተማ ስለሆነ አያዋጣም» ይባልና ይዘጋል። ሁለቱም ግምቶች እንጂ ጥናቶች አይደሉም።

ይህ መመሪያ ጥናቱን ደረጃ በደረጃ ለሚሠራ ሰው የተዘጋጀ ነው። አጥኚው የአየር መንገድ ዕቅድ ክፍል ባልደረባ፣ የኤርፖርት ኃላፊ ወይም መስመሩ እንዲከፈት የሚፈልግ የከተማ አስተዳደር ባለሙያ ሊሆን ይችላል። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሊያዝ የሚገባው ነጥብ አንድ ነው፤ የመስመር አዋጭነት የሚለካው አውሮፕላኑ ሞልቶ በመነሳቱ ሳይሆን፣ መስመሩ ባይከፈት ኖሮ የማይገኝ ምን ያህል ገቢ በማምጣቱና ባይከፈት ኖሮ የማይወጣ ምን ያህል ወጪ በማስወጣቱ ነው። በየደረጃው ያለው ሥራ ሁሉ እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ለማግኘት የሚደረግ ነው።

ደረጃ 1፦ ተጓዡ ዛሬ በምን እንደሚሄድ ማጣራት

አዲስ መስመር ከባዶ አይነሳም። በሁለቱ ከተሞች መካከል ዛሬም ሰው ይጓዛል፤ ከፊሉ በአውቶቡስ፣ ከፊሉ በግል መኪና፣ ከፊሉ ደግሞ በዋናው የበረራ ማዕከል አውሮፕላን ቀይሮ ይሄዳል። ስለዚህ የመጀመሪያው ሥራ እነዚህን ሦስት ወገኖች ለይቶ መቁጠር ነው።

በአውሮፕላን የሚሄዱትን ለመቁጠር የሚያስፈልገው በቲኬቱ ላይ የተጻፈው የመጀመሪያ መነሻና የመጨረሻ መድረሻ እንጂ የእያንዳንዱ በረራ የተሳፋሪ ብዛት አይደለም። ከከተማ ሀ ወደ ማዕከሉ የበረሩ ሰዎች ቁጥር ብቻውን ሲታይ ሁሉም ወደ ማዕከሉ የሄዱ ይመስላል፤ ከእነርሱ መካከል ስንቶቹ በሁለት ሰዓት ልዩነት ወደ ከተማ ለ እንደ ቀጠሉ የሚያሳየው የቲኬቱ ሙሉ ጉዞ ነው። ሁለት የተለያዩ ቲኬቶች ገዝተው የሚቀጥሉ ተጓዦችም ስላሉ፣ በአንድ ቀን የተደረጉ ተያያዥ ጉዞዎችን አያይዞ መቁጠር ያስፈልጋል። ይህ ሥራ አሰልቺ ነው፤ ቢሆንም ከጠቅላላው ጥናት እጅግ የሚታመነው መረጃ የሚገኘው ከዚህ ነው።

የአውቶቡስ ተጓዡን ቁጥር ለማግኘት ወደ መናኸሪያ መሄድ ይሻላል። ቢያንስ ሙሉ ሳምንት፣ የገበያ ቀንንና የበዓል ሰሞንን ለየብቻ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ መቁጠር ይገባል። የሞባይል ኩባንያዎች ማንነትን የማይገልጥ የተጠቃለለ የእንቅስቃሴ መረጃ የሚሰጡበት አገር ከሆነ ደግሞ ቆጠራውን ለማመሳከር ይረዳል። በዚህ ጊዜ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በመካከል ከተሞች የሚወርዱ ተሳፋሪዎች ከቆጠራው መውጣት አለባቸው፤ አለዚያ የመስመሩ ገበያ ከእውነታው እጥፍ ሆኖ ሊታይ ይችላል።

መጠይቅ የሚዘጋጅ ከሆነም «ቀጥታ በረራ ቢኖር ይጠቀማሉ?» የሚለው ጥያቄ ባይገባ ይመረጣል። ምንም ለማያስከፍል መልስ ሁሉም «አዎን» ይላል። በዚያ ፈንታ ሰውየው ለመጨረሻ ጊዜ በዚያ መንገድ የተጓዘው መቼ እንደሆነ፣ ስንት እንደ ከፈለ፣ ወጪውን የሸፈነው ራሱ ይሁን መሥሪያ ቤቱ፣ ለስንት ቀን እንደ ቆየና ስንት ሻንጣ እንደ ያዘ መጠየቅ ይገባል። በመሥሪያ ቤት ወጪ ለስብሰባ የሚሄድ ሰውና ለዘመድ ጥየቃ ከነልጆቹ የሚሄድ አባወራ ለአንድ የቲኬት ዋጋ የሚሰጡት ምላሽ የሰማይና የምድር ያህል ይለያያል።

ደረጃ 2፦ ጊዜን ከበር እስከ በር ማስላት

ማወዳደር የሚገባው የበረራ ሰዓትን ከአውቶቡስ ሰዓት ጋር ሳይሆን፣ ከቤት ደጃፍ ተነስቶ የታሰበው ቦታ እስከ መድረስ ያለውን ጠቅላላ ጊዜ ነው። አንድ ሰዓት ከሩብ በሚፈጅ በረራ ላይ ወደ ኤርፖርት መሄጃው፣ ቀድሞ መገኘቱ፣ ሻንጣ መጠበቁና ወደ ከተማ መግቢያው ሲደመሩ ጉዞው በቀላሉ አራት ሰዓት ይሞላል። ስለዚህ ጥሩ መንገድ ባለበት፣ ርቀቱም ከ250 እስከ 300 ኪሎ ሜትር ባልበለጠበት ቦታ አውሮፕላን ከመኪና ጋር ለመወዳደር ይቸገራል።

ይሁን እንጂ ወሳኙ ርቀት ብቻ አይደለም። በስኮትላንድ ኦርክኒ ደሴቶች ዌስትሬይንና ፓፓ ዌስትሬይን የሚያገናኘው መደበኛ በረራ ከ3 ኪሎ ሜትር ያነሰ ርቀት የሚሸፍን፣ ከሁለት ደቂቃ ያልበለጠ ጊዜ የሚወስድ ነው፤ የሚበረውም በመካከሉ ባሕር ስላለ ነው። በኖርዌይም ፊዮርዶች (ወደ የብስ ጠልቀው የሚገቡ ጠባብ የባሕር ወሽመጦች) እና ተራሮች የየብስ መንገዱን ስለሚያረዝሙት፣ 800 ሜትር ገደማ ርዝመት ባላቸው አጫጭር ማኮብኮቢያዎች መካከል ትናንሽ አውሮፕላኖች ለዓመታት ሲመላለሱ ኖረዋል። ስለዚህ አጥኚው በካርታ ላይ የሚያየውን ቀጥታ ርቀት ከመንገዱ ርዝመትና ከጉዞው ጊዜ ጋር አስተያይቶ ማየት አለበት። የየብስ ጉዞው በቀን ብርሃን የማያልቅ ከሆነ የቀጥታ በረራው ዕድል በእጅጉ ይሰፋል፤ አንድ ሌሊት መንገድ ላይ ማደር የሆቴል ወጪም የሥራ ቀን ኪሳራም ነውና።

ደረጃ 3፦ ፍላጎቱን በቁጥር መገመት

ከዚህ በኋላ በአንድ ምሳሌ እንሂድ። ቁጥሮቹ ስሌቱን ለማሳየት ብቻ የታሰቡ ናቸው፤ ገንዘቡም «አሃድ» እየተባለ ይጠራል።

ከተማ ሀ እና ከተማ ለ በአየር 400 ኪሎ ሜትር ይራራቃሉ እንበል። በዓመት በሁለቱም አቅጣጫ 6,000 ሰው በማዕከሉ በኩል በአውሮፕላን ይጓዛል፤ 90,000 ሰው ደግሞ በአውቶቡስ ይሄዳል። ቀጥታ በረራ ሲጀመር በማዕከሉ ከሚዞሩት 85 በመቶው ወደ ቀጥታው ይዛወራሉ ብንል 5,100 ይሆናሉ። ሙሉ በሙሉ የማይዛወሩት የበረራው ቀን ስለማይመቻቸው ወይም በማዕከሉ ጉዳይ ስላላቸው ነው። ከአውቶቡስ 8 በመቶው ቢመጣ 7,200 ሰው ይገኛል። እስከ ዛሬ ጉዞውን ጭራሽ ያልሞከሩ፣ ቀጥታ በረራ በመኖሩ ብቻ የሚጓዙ ሰዎች ደግሞ የሁለቱን ድምር ሩብ ያህል ይሆናሉ ብለን 3,075 እንጨምር። ጠቅላላው 15,375 ተሳፋሪ ነው።

ከሦስቱ ቁጥሮች በጣም ሊጠረጠር የሚገባው የመጨረሻው ነው። አዲስ አገልግሎት አዲስ ተጓዥ እንደሚፈጥር የታወቀ ነው፤ ግን ተጓዡ በአንድ ወር ውስጥ አይመጣም፤ መስመሩ ስሙ እስኪታወቅ፣ ነጋዴውም ጉዳዩን በበረራው ቀን ማመቻቸት እስኪለምድ ጊዜ ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዓመት ግምት ይህን ምድብ በግማሽ ቢቀንሰው ጥንቃቄ እንጂ ጨለምተኝነት አይሆንም።

የከተሞችን የሕዝብ ብዛት አባዝቶ ለርቀት በማካፈል ፍላጎትን የሚገምተው የስበት ቀመርም በሰፊው ይሠራበታል። መረጃ በሌለበት ቦታ ለመነሻ ይጠቅማል፤ ሆኖም ሁለት ትልልቅ ከተሞች አንዳች የንግድም የቤተሰብም ትስስር ላይኖራቸው ይችላልና በቆጠራ ካልተደገፈ ውሳኔ ሊወሰንበት አይገባም።

ደረጃ 4፦ ኤርፖርቶቹ መሸከም ይችሉ እንደሆነ መፈተሽ

ብዙ የወረቀት ዕቅዶች የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው። ኤርፖርት አለ ማለት የተፈለገው አውሮፕላን ሞልቶ ይነሳበታል ማለት አይደለም።

ማኮብኮቢያውን እንመልከት። ኤቲአር 72-600 የተባለው ባለ 70 መቀመጫ ገደማ ተርቦፕሮፕ (ተርባይን ሞተር ፕሮፔለር የሚያሽከረክርለት አውሮፕላን) በባሕር ጠለል ላይ፣ በመደበኛ ሙቀት፣ በሙሉ ክብደቱ ለመነሳት 1,300 ሜትር ያህል ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት የኤርፖርት ንድፍ መመሪያ ይህን መነሻ ርዝመት ለየቦታው ለማስተካከል ቀላል ስሌት ይሰጣል፤ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር ከፍታ 7 በመቶ፣ የቦታው ሙቀት ለዚያ ከፍታ ከተቀመጠው መደበኛ ሙቀት ለሚበልጥበት ለእያንዳንዱ ዲግሪ ሴልሺየስ ደግሞ 1 በመቶ ይጨመራል። ኤርፖርቱ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ቢሆን የከፍታው ጭማሪ 42 በመቶ ስለሆነ ርዝመቱ 1,846 ሜትር ይደርሳል። በዚያ ከፍታ መደበኛው ሙቀት 3.3 ዲግሪ ነው፤ የቦታው ሙቀት 25 ዲግሪ ከሆነ ልዩነቱ 21.7 ስለሚሆን ርዝመቱ ወደ 2,250 ሜትር ያድጋል። በወረቀት ላይ 1,300 ሜትር የነበረው ፍላጎት አንድ ኪሎ ሜትር ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ጨመረ ማለት ነው። ማኮብኮቢያው ተዳፋት ካለው ደግሞ ተጨማሪ ማስተካከያ አለ። ጠቅላላው ጭማሪ ከ35 በመቶ ሲያልፍ መመሪያው ራሱ በዚህ ስሌት ብቻ እንዳይወሰንና ልዩ ጥናት እንዲደረግ ስለሚያዝ፣ የመጨረሻው ቃል የአውሮፕላኑ አምራች የአቅም ሰንጠረዥ ይሆናል።

ማኮብኮቢያው ካጠረ አውሮፕላኑ አይነሳም ማለት ሳይሆን ክብደቱን ቀንሶ ይነሳል ማለት ነው፤ ይህም አሥር ወይም አሥራ አምስት መቀመጫ ባዶ መተው ሊሆን ይችላል። የበረራ ሰዓቱን ወደ ማለዳ ማምጣት ከሙቀቱ የሚመጣውን ቅጣት ያቃልላል። ስለዚህ የመነሻ ሰዓት የተሳፋሪ ምቾት ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ሁለተኛው ጉዳይ የእሳት አደጋና የነፍስ አድን አገልግሎት ነው። የሚያስፈልገው ደረጃ የሚወሰነው በአውሮፕላኑ ርዝመትና በአካሉ ስፋት ነው። 27 ሜትር ገደማ ርዝመት ያለው ኤቲአር 72 በአምስተኛው ምድብ ሲገባ፣ ወደ 33 ሜትር የሚጠጋው ዳሽ 8-400 የተባለው ሌላ ተርቦፕሮፕ በስድስተኛው ይገባል። በሥራ በሚበዛባቸው ሦስት ተከታታይ ወራት ውስጥ የዚያ ምድብ አውሮፕላኖች ማረፍና መነሳት ከ700 በታች ከሆነ አንድ ምድብ ዝቅ ያለ ዝግጅት ይፈቀዳል። ጥቂት በረራ ላለው የክልል ኤርፖርት ይህ አንቀጽ አዲስ የእሳት አደጋ መኪና ከመግዛት ሊያድነው ስለሚችል፣ የአገሩ የአቪዬሽን ባለሥልጣን ይቀበለው እንደሆነ በመጀመሪያ መጠየቅ ይገባል።

ሦስተኛው ነዳጅ ነው። በከተማ ለ የአውሮፕላን ነዳጅ ከሌለ አውሮፕላኑ የመመለሻውን ነዳጅ ይዞ መሄድ አለበት። ኤቲአር 72 በሰዓት ከ650 እስከ 800 ኪሎ ግራም ገደማ ነዳጅ ይፈጃል፤ ከዚህ በላይ ወደ አማራጭ ኤርፖርት የሚያደርሰውና ለ30 ደቂቃ የሚበቃው መጠባበቂያ አለ። የሚጫነው እያንዳንዱ ተጨማሪ 700 ኪሎ ግራም ከነሻንጣቸው ሰባት ተሳፋሪዎችን ያህል ክብደት አለው። ማኮብኮቢያው ሰፊ በሆነበት ቦታ ይህ ችግር አይሰማም፤ አጭርና ሞቃት በሆነበት ቦታ ግን መስመሩን ብቻውን ሊያከስር ይችላል።

የሌሊት መብራት፣ በደመና ጊዜ በመሣሪያ ለማረፍ የሚያስችል ሥርዓት፣ የበረራ መቆጣጠሪያ ማማው የሥራ ሰዓትና የፍተሻ መሣሪያዎችም በዝርዝሩ ይገባሉ። ከእነዚህ ተለይቶ ሊታይ የሚገባው የደመናው ጉዳይ ነው፤ በዝናብ ወራት በተደጋጋሚ የሚሰረዝ በረራ ወጪው ሳይቀር ገቢው የሚቀር ከመሆኑም በላይ፣ ተጓዡን መልሶ ወደ አውቶቡስ ይልከዋል።

ደረጃ 5፦ አውሮፕላኑንና ምልልሱን መምረጥ

አውሮፕላን ሲመረጥ መቀመጫ መቁጠር የመጀመሪያው ፈተና ነው፤ የመጨረሻው አይደለም። በአሜሪካም በአውሮፓም ደንብ እስከ 19 መቀመጫ ያለው አውሮፕላን የበረራ አስተናጋጅ አያስገድድም፤ ከዚያ በላይ እስከ 50 መቀመጫ አንድ አስተናጋጅ፣ ከ50 በላይ ደግሞ ሁለት ያስፈልጋል። ባለ 48 መቀመጫው ኤቲአር 42 ይህን ወሰን ታሳቢ አድርጎ በብዙ አየር መንገዶች የሚበረው ለዚህ ነው። ዳሽ 8-400 ከኤቲአር 72 ይፈጥናል፤ ነገር ግን በ400 ኪሎ ሜትር መንገድ ላይ የሚያተርፈው ጊዜ ከሩብ ሰዓት ስለማይበልጥ ለፍጥነቱ የሚከፈለው ነዳጅ እምብዛም አይካስም።

ከዚህ የሚበልጠው ጥያቄ አውሮፕላኑ ከየት እንደሚመጣ ነው። የክልል ከተሞች አውሮፕላንና ሠራተኛ የሚያድርባቸው ጣቢያዎች አለመሆናቸው የተለመደ ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ከማዕከሉ ተነስቶ ሀ ደርሶ፣ ወደ ለ ሄዶ፣ ወደ ሀ ተመልሶ ወደ ማዕከሉ ይገባል። ለአንድ በረራ አንድ ሰዓት ከሩብ፣ በየማረፊያው ግማሽ ሰዓት ብንይዝ የሀ–ለ ምልልስ በዕለቱ መርሐ ግብር ላይ ሦስት ሰዓት ተኩል ይጨምራል። ያ ሦስት ሰዓት ተኩል ዛሬ አውሮፕላኑ የሚቆምበት ሰዓት ነው ወይስ ሌላ ትርፋማ መስመር የሚበርበት? የጥናቱ ውጤት በዚህ መልስ ይገለበጣል።

አማራጩ የሦስት ማዕዘን ምልልስ ነው፤ ከማዕከሉ ወደ ሀ፣ ከሀ ወደ ለ፣ ከለ ወደ ማዕከሉ። አንድ በረራ ብቻ ስለሚጨምር ርካሽ ነው። ጉድለቱ ግን በዚያ በረራ ከሀ ወደ ማዕከሉ የሚሄደው ተጓዥ በለ በኩል መዞሩ ሲሆን፣ አቅጣጫውን በየቀኑ እያፈራረቁ መብረር ችግሩን በከፊል ብቻ ያቃልለዋል።

ደረጃ 6፦ ወጪውንና ማካካሻ ነጥቡን ማስላት

አጭር በረራ በኪሎ ሜትር ሲሰላ ውድ ነው። ሞተሩ ከፍተኛ ኃይል የሚያወጣው በመነሳትና ወደ ላይ በመውጣት ጊዜ ነው፤ ጎማ፣ ፍሬንና የማረፊያ እግር የሚያልቁት በሰዓት ሳይሆን በማረፍ ብዛት ነው፤ የማረፊያ ክፍያና የምድር አገልግሎትም በረራው አጠረ ተብሎ አይቀንስም።

በምሳሌያችን የባለ 70 መቀመጫው የአንድ በረራ ሙሉ ወጪ 5,000 አሃድ፣ ከግብርና ከኤርፖርት ክፍያ በኋላ ለአየር መንገዱ የሚቀረው አማካይ የቲኬት ገቢ 95 አሃድ ነው እንበል። 5,000 ለ95 ሲካፈል ወጪውን ለመሸፈን 53 ተሳፋሪ እንደሚያስፈልግ ያሳያል፤ ይህም ከመቀመጫዎቹ 76 በመቶ መሆኑ ነው። በሳምንት ሦስት ምልልስ ሲበረር በዓመት 312 በረራና 21,840 መቀመጫ ይኖራል። የተገመተው 15,375 ተሳፋሪ ከዚህ 70 በመቶውን ይሞላል። ገቢው 1,460,625፣ ወጪው 1,560,000 ስለሆነ በዓመት 99,375 አሃድ ይጎድላል። ጉድለቱ በእያንዳንዱ በረራ ከሦስት እስከ አራት ተሳፋሪ ከመጨመር የማይበልጥ መሆኑን ልብ ይሏል፤ የክልል መስመሮች ትርፍና ኪሳራ ብዙውን ጊዜ በዚህን ያህል ቀጭን ልዩነት ይለያል።

«እንግዲያው አነስ ያለ አውሮፕላን ይሁን» የሚለው ሐሳብ ወዲያው ይመጣል። ባለ 48 መቀመጫው በአንድ በረራ 4,000 አሃድ ቢያወጣና በሳምንት አራት ምልልስ ቢያደርግ፣ በ416 በረራ 19,968 መቀመጫ ያቀርባል። ያው ተሳፋሪ 77 በመቶውን ይሞላዋል፤ ለዓይን ያምራል። ወጪው ግን 1,664,000 ደርሶ ጉድለቱ ከ203,000 ይበልጣል። የአንድ መቀመጫ ወጪ በትልቁ 71፣ በትንሹ 83 አሃድ ስለሆነ ነው። የተሻለ የተሞላው አውሮፕላን የበለጠ ከሰረ። ለትንሹ አውሮፕላን የሚከራከር ሰው አራተኛው ምልልስ ስንት አዲስ ተጓዥ እንደሚያመጣ ወይም ስንት ውድ ቲኬት እንደሚያሸጥ ማሳየት ይጠበቅበታል።

ደረጃ 7፦ ከራስ መስመር የሚወሰደውን ገቢ መቀነስ

እስካሁን ያለውን ስሌት አብዛኛው ጥናት ይሠራዋል። ይህን ደረጃ ግን የሚዘልለው ብዙ ነው።

ከማዕከሉ ወደ ቀጥታው የተዛወሩት 5,100 ሰዎች ትናንትም የዚያው አየር መንገድ ደንበኞች ከነበሩ፣ ዛሬ የከፈሉት ሁሉ አዲስ ገቢ አይደለም። በማዕከሉ ሲዞሩ እያንዳንዳቸው 130 አሃድ ይከፍሉ ነበር፤ እነርሱን ለማስተናገድ የሚወጣው ተጨማሪ ወጪ 15 አሃድ ብቻ ነበር እንበል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ ሰው የሚቀረው ጥቅም 115፣ ከሁሉም 586,500 አሃድ ነው።

አሁን አውሮፕላኑ በዚያ ሰዓት ያለ ሥራ የሚቆም ነበር እንበል። የአውሮፕላኑ ኪራይ፣ መድንና የሠራተኛው መደበኛ ደመወዝ በረራው ቢኖርም ባይኖርም ስለሚከፈሉ፣ መስመሩ የሚጨምረው ወጪ ነዳጁ፣ የማረፊያና የአየር ክልል ክፍያው፣ በሰዓትና በማረፍ የሚቆጠረው ጥገናና አበሉ ነው። ይህ የሙሉ ወጪው 60 በመቶ ቢሆን በአንድ በረራ 3,000፣ በዓመት 936,000 አሃድ ይሆናል። በዚህ ሚዛን መስመሩ 524,625 አሃድ ያስገባል፤ ቅድም የከሰረው መስመር አሁን አትራፊ ሆነ። ነገር ግን በማዕከሉ በረራዎች ላይ የተለቀቁት መቀመጫዎች ባዶ ቢቀሩ 586,500 ይቀነስና ውጤቱ ወደ 61,875 ኪሳራ ይመለሳል። ግማሾቹ መቀመጫዎች ለሌላ ተጓዥ በዚያው ዋጋ ቢሸጡ ደግሞ 231,375 አሃድ ትርፍ ይቀራል።

ስለዚህ የሀ–ለን መስመር ለመመዘን ከሀ–ለ ይልቅ ወደ ማዕከሉ የሚሄዱትን በረራዎች ማየት ያስፈልጋል። እነዚያ በረራዎች ሞልተው ሰው የሚመልሱ ከሆነ ቀጥታው መስመር ቦታ ይለቅላቸዋል፤ ግማሽ ባዶ ከሆኑ ደግሞ ቀጥታው መስመር የባሰ ያራቁታቸዋል፣ በመጨረሻም የከተማው የማዕከል በረራ ከቀን ሁለት ወደ አንድ ሊቀንስ ይችላል። ቀጥታ በረራ የሚጠይቅ የከተማ አስተዳደር ይህን የኋለኛውን አደጋ አስቀድሞ ማወቅ አለበት።

መስመሩን የሚጀምረው በማዕከሉ በኩል ምንም ተሳፋሪ የሌለው ሌላ አየር መንገድ ከሆነ ይህ ቅነሳ አይመለከተውም። ነባሩ ኩባንያ «አያዋጣም» ያለውን መስመር አዲስ መጪው «ያዋጣኛል» ሲል ሁለቱም እውነታቸውን ሊሆን የሚችለው በዚህ ምክንያት ነው። ይሁንና አዲስ መጪው አውሮፕላኑን ለዚሁ መስመር የሚያመጣ ከሆነ ሙሉውን 5,000 መሸከሙ አይቀርም።

ደረጃ 8፦ ግምቶቹን ማናጋት

እያንዳንዱን ግምት አንድ በአንድ እየቀየሩ ውጤቱን ማየት ያስፈልጋል። ነዳጅ የወጪው 30 በመቶ ከሆነና ዋጋው በአንድ አምስተኛ ቢጨምር፣ በእያንዳንዱ በረራ 300፣ በዓመት 93,600 አሃድ ይጨመራል። ከአውቶቡስ የሚመጣው ተጓዥ 8 ሳይሆን 5 በመቶ ቢሆንስ? አዲስ አስፋልት ተሠርቶ የየብስ ጉዞው በሦስት ሰዓት ቢያጥርስ? መስመሩ የቆመው በአንድ ማዕድን ማውጫ ወይም በአንድ ፕሮጀክት ሠራተኞች ላይ ከሆነ ደግሞ ፕሮጀክቱ ባለቀ ማግስት ምን እንደሚቀር ለብቻው መሰላት አለበት።

ደረጃ 9፦ ድጎማ ካለ ውሉን መመርመር

በንግድ ስሌት የማይቆም መስመር በሕዝብ ጥቅም ሊቆም ይችላል። አሜሪካ በ1978 የአየር ትራንስፖርት ገበያዋን ነፃ ስታደርግ ትናንሽ ከተሞች በረራ እንዳያጡ የድጎማ ፕሮግራም አብሮ ጀምራለች። የአውሮፓ ኅብረትም በ2008 ባወጣው ደንብ ቁጥር 1008 መሠረት አባል አገራት በጨረታ የተለየን አየር መንገድ አብዛኛውን ጊዜ እስከ 4 ዓመት በብቸኝነት እንዲበርና እንዲደጎም መፍቀድ ይችላሉ።

ከሁሉም ይበልጥ ለአጥኚ የሚያስተምረው የሕንድ ልምድ ነው። ኡዳን የተባለው ፕሮግራም በ2017 የመጀመሪያ በረራውን ሲጀምር፣ ለአንድ ሰዓት ያህል በረራ የተወሰኑ መቀመጫዎችን ዋጋ በ2,500 ሩፒ ገድቦ፣ ልዩነቱን ለሦስት ዓመት የሚሸፍን ነበር። የአገሪቱ ዋና ኦዲተር በ2023 ባወጣው ሪፖርት በመጀመሪያዎቹ ሦስት ዙሮች ከተሰጡት 774 መስመሮች 403ቱ ጭራሽ አለመጀመራቸውን፣ ከጀመሩት 371 መካከል ሦስቱን ዓመት የጨረሱት 112 ብቻ መሆናቸውን፣ ከድጎማው በኋላ እስከ መጋቢት 2023 የዘለቁት ደግሞ 54 መሆናቸውን አስታውቋል። ስለዚህ ድጎማ የሚጠይቅ ጥናት የአራተኛውን ዓመት ሒሳብ ማሳየት ይኖርበታል። አራተኛው ዓመት በአሃዝ ካልቆመ፣ ድጎማው በቋሚነት የሚቀጥል የሕዝብ አገልግሎት ወጪ መሆኑን በግልጽ ጽፎ ለሚወስነው አካል ማቅረብ ይገባል።

በከተማና በአየር መንገድ መካከል ከሚደረጉ ስምምነቶች የተሻለው ዝቅተኛ ገቢን የሚያረጋግጠው ነው፤ በረራው ከተስማሙበት ገቢ በታች ሲያስገባ ከተማው ልዩነቱን ይሞላል፣ በላይ ሲያስገባ ምንም አይከፍልም። ለእያንዳንዱ በረራ ቁርጥ ያለ ክፍያ መስጠት ግን አየር መንገዱ ባዶ አውሮፕላን እያበረረም እንዲከፈለው ስለሚያደርግ ቲኬት ለመሸጥ ያለውን ትጋት ያዳክማል።

ደረጃ 10፦ መርሐ ግብር አውጥቶ መሞከር

የበረራ ቀኖቹ ከገበያው ጋር መግጠም አለባቸው። የሥራ ተጓዥ የሚበዛበት መስመር ሰኞና ዓርብን ይፈልጋል፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሚበዛበት ደግሞ የትምህርት መክፈቻና መዝጊያ ሰሞንን። በሳምንት ከሦስት ቀን በታች የሚበር መስመር ለሥራ ተጓዥ እምብዛም አይጠቅምም፤ የአንድ ቀን ጉዳይ ያለው ሰው አራት ቀን ከሚጠብቅ በማዕከሉ ዞሮ በማግስቱ ቢመለስ ይመርጣልና።

የሙከራው ጊዜ ቢያንስ አንድ ሙሉ ዓመት ቢሆን ሁሉንም ወቅት ያሳያል። ከመጀመሪያው በረራ በፊት ሦስት መለኪያዎች በጽሑፍ ሊቀመጡ ይገባል፤ በስድስተኛው ወር ከመቀመጫዎቹ ይሞላል ተብሎ የሚጠበቀው መጠንና አማካይ የቲኬት ገቢ፣ የተሰረዙ በረራዎች ከፍተኛ መጠን፣ እንዲሁም በማዕከሉ በረራዎች ላይ የሚታገሠው የገቢ መቀነስ። መለኪያዎቹ ከተጀመረ በኋላ የሚወጡ ከሆነ ሁልጊዜ ከተገኘው ውጤት ጋር የሚስማሙ ሆነው ይገኛሉ። በየወሩ ሪፖርት ላይም የተሳፋሪው ቁጥር ከሦስቱ ምድቦች ማለትም ከማዕከል፣ ከአውቶቡስና ከአዲስ ተጓዥ የትኛው እንደሆነ እንዲለይ፣ በመሳፈሪያው ላይ ሁለት አጫጭር ጥያቄዎች መጠየቅ ይበቃል፤ ቀድሞ በምን ይሄዱ ነበር፣ ይህ በረራ ባይኖር ዛሬ ይጓዙ ነበር ወይ።

መስመሩ መለኪያውን ሳያሟላ ቀርቶ የሚዘጋ ከሆነም ውሳኔው ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት መነገር አለበት። ቲኬት የገዙ ተሳፋሪዎች ያለ ተጨማሪ ክፍያ በማዕከሉ በኩል የሚስተናገዱበት ዝግጅትና ለዚህ የሚያስፈልገው ገንዘብ በመጀመሪያው በጀት ላይ ተመዝግቦ መገኘት ይኖርበታል።